የሃብተ ጊዮርጊስ ቤልጅግ

ጨርቁ አሁንም ጠቁሮ ወጣ።

የትናየት ከመወልወያው ዘንግ ጫፍ ፈታችውና እግሯ ሥር ወደተከመረው ቆሻሻ ጨርቅ ወረወረችው። ክምሩ ከጠዋት ጀምሮ እያደገ፣ አሁን የተቀመጠችበትን በርጩማ ሊያክል ምንም አልቀረውም። ጨርቆቹ ያረጁ አንሶላዎች ናቸው። የትናየት ደባርቅ መውጫ ላይ ላለች አንዲት ፔንሲዮን አንሶላ ታጥባለች፤ ሲቀደዱ ባለቤትዮዋ ትሰጣታለች። እሷም ቆራርጣ፣ አጥፋ ታስቀምጣቸዋለች፦ ለቁስል፣ ለቃጠሎ፣ ለድንገተኛ ምጥ፣ ከከፋም ለመገነዣ። ለጠመንጃ ይፈለጋሉ ብላ ግን አስባ አታውቅም።

"ሌላ" አለች ልጇ ሠርካለም እጇን ዘርግታ።

"ልጄ፣ ይኸ ነገር የሚጠራ አይመስለኝም።"

"ትናንትም እንዲሁ ብለሻል። ትናንት ዘንጉ ራሱ አልገባ ብሎ ነበር፤ ዛሬ ገባ።"

"መግባት ሌላ፣ መጥራት ሌላ።"

"እማዬ፣ ጨርቅ።"

ሰጠቻት። ሠርካለም ጨርቁን ዘንጉ ላይ ጠቀለለችና በጉልበቶቿ መካከል ባቆመችው ጠመንጃ አፈሙዝ ውስጥ ሰደደችው። ከግማሽ በኋላ ያዘባት። ከንፈሯን ነክሳ በሁለት እጇ ገፋችው። ብረቱ ከዝገቱ ጋር ሲፋተግ የወጣው ሲጥሲጥታ የትናየትን ጥርሷ ድረስ ዘለቃት። ግቢው ውስጥ የተሰጡት አንሶላዎች በነፋሱ ይርገበገባሉ። ኅዳር ገብቷል፤ ሰማዩ ጠርቷል፤ እንግዳ ጭነው ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጡ መኪኖች ከተማው ውስጥ መታየት ጀምረዋል።

ጠመንጃው ቤልጅግ ነው፤ የሠርካለም አባት የሃብተ ጊዮርጊስ። ሃብተ ጊዮርጊስ ተራራ የሚወጡ እንግዶችን አጅቦ የሚሄድ ጠባቂ ነበር። ሳንባውን ብርድ መትቶት ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። የጠባቂዎቹ ማኅበር ደንብ ግልጽ ነው፦ ጠባቂ ሲሞት ቦታው ልጁ እስኪደርስ ይቆያል፤ ልጁ ግን በተባለው ቀን የሚሠራ መሣሪያ ይዞ መቅረብ አለበት። ቀኑ ነገ ነው። የማኅበሩ መሣሪያ መርማሪ ሚናስ አፈሙዙን ወደ ፀሐይ አዙሮ ያያል። ውስጡ የጠራ ከሆነ ሠርካለም ተራ ይደርሳታል፤ ካልሆነ ቦታው ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል።

የትናየት ሰሞኑን የምትጸልየው ሁለት ጸሎት ነው፤ አንዱ ሌላውን ያፈርሰዋል። አንደኛው አፈሙዙ እንዳይጠራ ነው። ካልጠራ ልጇ የገደል ጥግ ጥጉን አትሄድም፣ ከማታውቃቸው ወንዶች ጋር ዱር ለዱር አታድርም፣ የአባቷን ሳንባ የበላው ብርድ አያገኛትም። ሁለተኛው እንዲጠራ ነው። ምክንያቱም ሠርካለም በቀደም እራት እየበሉ፣ ድምፅዋን እንኳ ሳታነሳ፣ "ይኸ ካልሆነ በመተማ እወጣለሁ" ብላታለች። የጎረቤታቸው የጥሩዬ ልጅ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ከወጣች ወዲህ፣ ጥሩዬ ስልክ በጮኸ ቁጥር መጀመሪያ ትቀመጣለች፤ ከዚያ ነው የምታነሳው።

የትናየት እንዲህ ያለ ነገር አያመልጣትም። አስራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፤ የመድኃኒት ወረቀት እጇ ሲገባ ግን የምታነበው የጎንዮሽ ጉዳቱን ብቻ ነው። ከባድ መኪና ሲያልፍ ቤቱ ከተንቀጠቀጠ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው ብላ ትወጣለች። ሠርካለም ከትምህርት ቤት ስትዘገይ ስንቴ ቀብራት እንደተመለሰች እሷና እግዚአብሔር ያውቃሉ።

ረፋዱ ላይ ቻላቸው ከዳባት ደረሰ። የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ ገበሬ ነው፤ የራሱን ጠመንጃ ትከሻው ላይ አንግቶ፣ የላምባ ጀሪካን አንጠልጥሎ ገባ።

"እንዴት አደራችሁ! በሽተኛው ሞተ ወይስ ዳነ?" አለ ገና ከበሩ።

"አልሞተም፣ አልዳነምም አጎቴ" አለች ሠርካለም ተነሥታ እየሳመችው። "ያን የነገሩኝን ብሩሽ አመጡልኝ?"

"አምጥቻለሁ። ከሰው ለምኜ ነው፤ የናስ ብሩሽ ነው። ቆይ መጀመሪያ ልየው።"

የማቀባበያውን ብረት መዞ አወጣና በጥይት መግቢያው በኩል ዓይኑን ደቅኖ ወደ ሰማይ አየ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ወደ የትናየት ዞረ።

"እታለም፣ እስቲ አንዴ ንገሪኝ። ይኸን ጠመንጃ ስታስቀምጪ ምን ምን ነበር ያደረግሽው?"

"ነግሬሃለሁ እኮ።"

"ድገሚልኝ። ዳባት ገብቼ ስናገረው ማንም አላመነኝም።"

የትናየት አንገቷን ደፋች። "እንዳይዝግ ቅቤ ቀባሁት። ቀዳዳውንም በቅቤ ሞላሁት። ከዚያ በበግ ቆዳ ጠቀለልኩት። ቆዳው ትል እንዳያፈራ ጨው ነሰነስኩበት። እርጥበት እንዳያገኘው ደግሞ ከምድጃው በላይ፣ ጭስ ከማይለየው ቆጥ ላይ ሰቀልኩት።"

"ቅቤ፣ ጨው፣ ጭስ" አለ ቻላቸው በጣቶቹ እየቆጠረ። "የወንድሜን ጠመንጃ ቋንጣ አደረግሽው እኮ!"

ሠርካለም ሳቋ አመለጣት። የትናየትም አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ሳቁ ግን ቶሎ ሸሻት።

"በቅቤና በጨው ያልቆየ ነገር አለ እንዴ? እናቴ ስንት ነገር ታቆይበት ነበር።"

"ሥጋ ዝገት አያውቅም እታለም። ብረትን የሚበላው ጨው ነው። እንግዲህ ጨውን የሚያወጣው ላምባ አይደለም፤ ውሃ ነው። የፈላ ውሃ አምጪ።"

"ውሃ? ብረት ውስጥ? ጭራሽ ሊዝግ!"

"የፈላ ከሆነ ብረቱ ራሱ ግሎ ያደርቀዋል። አምጪ ግድ የለሽም።"

አመጣች። ማንቆርቆሪያውን ስትሰጠው ግን ሠርካለምን በክርኗ ገፍታ ወደ ኋላ አራቀቻት። ቻላቸው አፈሙዙን በጨርቅ ይዞ በማጥለያ አፈሰሰበት። ከታች የወጣው ውሃ መጀመሪያ እንደ ጉሽ ጠላ ደፈረሰ፤ ቀጥሎ የበርበሬ ወጥ መሰለ። የጎመዘዘ፣ የከረመ ቅቤ ሽታ ግቢውን ሞላው። ደግመው፣ ደጋግመው አፈሰሱ። ከዚያ ላምባ ሞልተው በቡሽ ደፈኑትና ምሳ እስኪበላ ድረስ አቆሙት።

ከምሳ በኋላ ሥራው የሠርካለም ሆነ። የናሱን ብሩሽ ዘንጉ ላይ አስራ ታስገባለች፣ ታወጣለች፤ ቀጥላ ጨርቅ ትሰዳለች። ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ይኸ የድሮ ባሩድ ነው ይላል ቻላቸው። ቀይ ሆኖ ይወጣል፤ ይኸ የእናትሽ ጨው ነው ይላል። አንድ ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ሲወጣ የትናየት ደነገጠች።

"መርዝ ነው?"

"ጥይት ሲያልፍ የተወው መዳብ ነው" አለ ቻላቸው። "እታለም፣ አንች ጎመንም አረንጓዴ ስለሆነ መርዝ ነው ልትይ ነው።"

ሠርካለም ላቧ በአፍንጫዋ ጫፍ ይንጠባጠባል። እጅጌዋን እስከ ክንዷ ጠቅልላለች። የትናየት ጨርቅ እየቀደደች ታያታለች። ልጅቱ እንዲህ ጠንክራ የሠራችበትን ቀን አታስታውስም። ፈተና ወድቃ ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ ከቀረች ወዲህ ፊቷ ላይ የነበረው ያ ድንዛዜ ዛሬ የለም። የመጀመሪያው ጸሎቷ በዚህ መካከል ሳታስበው ከአፏ እየጠፋ ሄደ።

"አጎቴ፣ ሲያልቅ እኔ ነኝ የምተኩሰው" አለች ሠርካለም እየገፋች።

"አንች ሳትሆኝ ማን ሊተኩስ ነው? ለዚሁ አንድ ጥይት ይዣለሁ። የመጀመሪያው ጥይት ውስጡ የቀረውን ዘይት ያቃጥለዋል። ለቀበሌው ሚሊሻም ነግሬዋለሁ፤ ድንጋይ ማውጫው ሸለቆ ውስጥ ይሁን ብሏል።"

"ሁለት ቢሆን ጥሩ ነበር።"

"ጥይት ቆሎ መሰለሽ እንዴ!"

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስትዞር አንድ ጨርቅ ነጭ ሆኖ ወጣ። ሠርካለም አላመነችም። ሌላ ሰደደች። ያም ነጭ ነው። ጠመንጃውን አንሥታ በጥይት መግቢያው በኩል ወደ ሰማይ አየችና ጮኸች።

"እማዬ! መስመሮቹ ይታያሉ! ጥምዝምዝ እያሉ እስከ ጫፍ!"

ቻላቸውም አየ። "ወንድሜ ተነሣ" አለ ቀስ ብሎ። "እንዲህ ነበር ድሮም። እንቺ እታለም፣ አንችም እይው።"

የትናየት ጠመንጃ ውስጥ አይታ አታውቅም። ዓይኗን ስታስጠጋ የብርሃን ጉድጓድ ውስጥ የገባች መሰላት። የሚያበራ ነገር ነው። መስመሮቹ እንደ ተፈተለ ፈትል ተጠምዝዘው ይሄዳሉ። አየች፣ አየችና ዓይኗ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ወደ አፈሙዙ ጫፍ ሲቀርብ፣ አንድ ስንዝር ያህል ሲቀረው፣ ብርሃኑ ላይ ቀጭን ጥቁር ክብ አለ። እንደ ቀለበት።

"ይኸ ምንድን ነው?"

"የቱ?"

"ክቡ። ጥቁሩ።"

ቻላቸው ተቀብሎ አየ። "የዝገት ጥላ ነው። ጠባሳ ይተዋል ዝገት።"

"ጠባሳ እንዲህ ዙሪያውን እኩል ይሆናል?"

"እንግዲህ ጀመርሽ።"

የትናየት ዘንጉን አነሣች፤ ጨርቁን ጠበቅ አድርጋ ጠቀለለችና ራሷ ከጥይት መግቢያው በኩል ገፋችው። አንሶላ ስታጥብ የኖረች ሴት ናት፤ በጣቷ ስፌት ውስጥ የተሸሸገ ቀዳዳ ታገኛለች። ጨርቁ አጥብቆ፣ በእኩል ክብደት ሄደ፣ ሄደ። ከጫፉ ስንዝር ሲቀረው ግን እጇ ሥር ላላ። ወዲያው ደግሞ ጠበቀ። መለሰችው። እዚያው ቦታ ላይ ላላ፤ ጠበቀ።

"እዚህ ጋ ሰፍቷል" አለች። "ብረቱ ከውስጥ አብጧል።"

"አንች ነሽ ያበጥሽው" አለ ቻላቸው እየሳቀ። "ከመጣሁ ጀምሮ እንዳይጠራ ስትመኝ አይቼሻለሁ። ጠራ፤ አሁን ደግሞ አበጠ።"

"ቻላቸው፣ ያበጠ ብረት ሲተኮስ ይፈነዳል። እጅ ይቆርጣል፣ ዓይን ያጠፋል።"

"ያበጠ ቢሆን ነዋ።"

"እማዬ፣ አንቺ እኮ ለሁሉም ነገር እንዲህ ነሽ" አለች ሠርካለም። ድምፅዋ የለመነ ይመስላል። "ባለፈው ዓመት የውሃ ታንከሩ ይወድቃል ብለሽ ሳምንት ሙሉ ሌላ ክፍል አላስተኛሽኝም?"

እውነቷን ነው። የትናየት ለራሷም ይኸው ነው የታያት። ዕድሜዋን ሙሉ ያልመጣውን ሁሉ መጣ ስትል ኖራለች፤ አሁን የመጣ ቢሆን በምን ድምፅ ትናገረው? ፍርሃቷ ይሁን እጇ የነገራት፣ ለይታ ማወቅ አቃታት። ዘንጉን ለልጇ አቀበለቻት።

"እኔን ተይኝ። አንቺ ሞክሪው። ዓይንሽን ጨፍኚ።"

ሠርካለም ቻላቸውን አየችው። እሱ ትከሻውን ነቀነቀ። ዓይኗን ጨፍና ገፋች። የትናየት ጠመንጃውን አላየችም፤ የልጇን ፊት ነው ያየችው። ዘንጉ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ የሠርካለም ቅንድብ ትንሽ ተነሣ፤ እጇ ቆመ። ወደ ኋላ ሳበች። እንደገና ገፋች። ከዚያ ዓይኗን ገለጠች።

"ምንም የለም" አለች።

"ሠርካለም።"

"ምንም የለም አልኩሽ። እኩል ነው።"

"ይኸው!" አለ ቻላቸው ጥይቱን ከኪሱ እያወጣ። "በይ ሳይመሽ እንውረድ። ተኩሰሽ እኔም የዳባት መኪና ልያዝ።"

ሠርካለም ጨርቆቹን መሰብሰብ ጀመረች። "መተኮሱ እንኳ ይቅር አጎቴ። ጥይቱም አይባክን። ሚናስ እንደሆነ ያያል እንጂ አይተኩስም።"

"ምን? ሁለት ጥይት ስትይኝ አልነበር?"

"ደክሞኛል።"

የትናየት እንደ ሌላው ቀን አልተርበተበተችም። ልጇ እንደተሰማት አወቀች። ተሰምቷት ዝም እንዳለችም አወቀች። ነገ ይኸን ይዛ ሚናስ ፊት ልትቆም፣ ከነገ ወዲያ ይኸን ይዛ ተራራ ልትወጣ እንደሆነም አወቀች። ብትጮህ የሚሰማት የለም። እጇን ወደ ቻላቸው ዘረጋች።

"ጥይቱን ስጠኝ።"

"ለምን?"

"እኔ እተኩሳለሁ።"

ቻላቸው ሊስቅ ከንፈሩ ተከፈተ፤ ፊቷን አይቶ ዘጋው። "እታለም፣ አንች ቢላ ስትይዥ እንኳ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ።"

"ሠርካለም ምንም የለም ብላለች። ልጄን አምኛታለሁ።"

ጥይቱን ከመዳፉ ላይ አነሣች፤ ጠመንጃውንም አንሥታ ከግቢው ወጣች። ድንጋይ ማውጫው ከቤቱ ሩቅ አይደለም፤ በባሕር ዛፎቹ ሥር የሚወርድ መንገድ አለው። ሁለቱ ከኋላዋ ተከተሏት። ቻላቸው "እኔ ልተኩስልሽ፣ ምን ሆነሻል" ይላል። ታች ሲደርሱ የትናየት ቆመች፤ ጥይቱን በመግቢያው በኩል እንዴት እንደሚያስገቡት ሃብተ ጊዮርጊስ ሲያደርግ አይታ ነበርና አስገባችው። ማቀባበያውን ገፋችው፤ ቋ ብሎ ገጠመ። ሰደፉን ትከሻዋ ላይ ሳይሆን አንገቷ ሥር አስጠጋችው። አፈሙዙ ወደ ድንጋዩ ግድግዳ ዞረ። ጣቷ ምላጩን ፈለገ።

"እማዬ፣ ተይው" አለች ሠርካለም።

"ለምን?"

"ዝም ብለሽ ተይው።"

"ምንም ከሌለ ምን ያስፈራሻል?"

ጣቷ ምላጩን አገኘው። ዓይኗን አልጨፈነችም።

"አለ!" አለች ሠርካለም። "አለ፣ እማዬ! ይላላል። ተሰምቶኛል። አውርጂው፣ በማርያም አውርጂው!"

የትናየት አወረደችው። ቻላቸው ቀርቦ ከእጇ ላይ ተቀበላትና ጥይቱን አወጣ። ሠርካለም ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ቻላቸው ማቀባበያውን መዘዘ፤ በአፈሙዙ ውስጥ ወደምትጠልቀው ፀሐይ እንደገና አየ። አሁን ብዙ ቆየ። ጣቱን ከውጭ በኩል በብረቱ ላይ አንሸራተተ፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ተመለሰ፤ ቆመ።

"አይ ሃብቴ" አለ።

የትናየት አንድ ክረምት አስታወሰች። በረዶ ጥሎ ባደረበት ማግስት ሃብተ ጊዮርጊስ ቀኝ ትከሻው በልዞ፣ ጆሮው ውስጥ ይጮኻል እያለ ገባ። "ተንሸራትቼ ነው" ነበር ያላት። ከዚያ ወዲህ በሠርግም በለቅሶም ሌላው ወንድ ሲተኩስ እሱ ጠመንጃውን ታቅፎ ይቆም ነበር። ለጥይት ሲሳሳ ይመስላት ነበር።

"አፈሙዙ ላይ በረዶ ገብቶበት ሳያውቅ ተኩሷል" አለ ቻላቸው፣ ያሰበችውን የሰማ ይመስል። "ሌላ እንዲህ የሚያደርገው የለም።"

"ያውቅ ነበር" አለች የትናየት።

"ያውቅ ነበር፤ ይዞት ግን ይዞር ነበር። ስንት ዓመት!" ቻላቸው ቀና አለ። ፊቱ ላይ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለ። "እሱን ነው የምልሽ እታለም። ይዞት ሠራ፤ እናንተን አሳደገበት። ጠባቂ መሣሪያ የሚይዘው ሊታይለት ነው እንጂ የሚተኩስ የለም። ሚናስም ቢሆን የጠራ አፈሙዝ ነው የሚያየው፤ ክቡን አንች ካላሳየሽው አያገኘውም። ትያዘው፤ አትተኩስ። አለቀ።"

ሠርካለም እጆቿን ከፊቷ አነሣች። እናቷን አየቻት። ዓይኖቿ ውስጥ መተማ አለ፤ የየትናየት ዓይን እንዲህ ያለውን አይስትም።

"አይተኮስም?" አለች የትናየት።

"ምን ሊተኮስበት? ጭላዳ ዝንጀሮ ላይ?"

"እንግዲያ አንተ ውሰደው። ዳባት ይዘኸው ግባ። ያንተን ለእሷ ስጣት።"

ቻላቸው ሳቀ። ከዚያ ቀልድ አለመሆኑ ሲገባው ሳቁ በየጥርሱ መካከል ቀረ። እጁ ሳያስበው ትከሻው ላይ ወዳለው ማንገቻ ሄደ።

"የኔ እኮ ሌላ ነው።"

"በምን?"

"አውድማ ላይ ነው የማድረው፤ እህሌ ሜዳ ላይ ነው። ጅቡ አለ፣ ሌባው አለ። የማይሠራ ብረት ታቅፌ ልደር?"

"እሷስ የት ነው የምታድረው?"

ከላይ ከመንገዱ በኩል አንድ አውቶቡስ ጡሩንባውን እየነፋ አለፈ።

"በዚያ ላይ ሚናስ የሰው መሣሪያ አይቀበልም" አለ ቻላቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ባለቤቱ ቀርቦ ሰጥቻለሁ ካለ ይቀበላል። የጠባቂው የአንዳርጋቸው ልጅ የአማቱን ይዞ አይደል የገባ? አጠገቤ ነው የተፈራረሙት።"

"እማዬ፣ አጎቴን አታስጨንቂው" አለች ሠርካለም። "ይቅር።"

"አንቺ ዝም በይ። ስትዋሺ ቆይተሻል።"

ቻላቸው ዞር ብሎ ሸለቆውን አየ፤ ድንጋይ በእግሩ ገፋ። በእሱ አገር ወንድ ጠመንጃውን አያውስም። ሚስቱ ምን እንደምትለው፣ ሰፈሩ ምን እንደሚለው በፊቱ ላይ ሲያልፍ ይታያል። የትናየት አልቸኮለችበትም። መጠበቅ እንኳ ታውቅበታለች። ከሁሉም ደግሞ ልቧ ለምን እንዲህ ጸጥ እንዳለ ለራሷም ገረማት። ይህ ሰው አይሆንም ቢል ልጇ ወደ መተማ ትሄዳለች፤ ይሁን ቢል ወደ ተራራው ትሄዳለች። ተራራውን እንደመረጠች ያወቀችው ከለመነችው በኋላ ነው።

"ዛሬ እዚሁ አድራለሁ" አለ ቻላቸው በመጨረሻ። "ነገ ሚናስ ፊት ሰጥቻለሁ እላለሁ። እስከ ፋሲካ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ራሷ ሠርታ ትግዛ። ይኸን የወንድሜን ግን ወስጄ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ።"

"ማቀባበያው እኔ ጋ ይቀራል" አለች የትናየት። "ልጆችህ ይነካካሉ።"

"ይቅር! እሱንም ውሰጂ!" አለና ብረቱን መዳፏ ላይ አኖረው። ሠርካለም ልታቅፈው ተነሣች፤ እሱ ግን እጁን አንሥቶ አስቆማት።

"ቆይ። እኔ አልሰጥሽም።"

"እንዴ?"

ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ በእሱና በየትናየት መካከል ካለው ድንጋይ ላይ አስደገፈው። "እታለም፣ አውቅሻለሁ። ነገ ይች ልጅ ጉንፋን ቢይዛት፣ ቻላቸው ነው የላካት ትያለሽ። ብትወድቅ፣ ቻላቸው ነው የላካት። ዕድሜዬን ሙሉ ስሸሽሽ ልኖር ነው። ልጅቱን ተራራ የምትሰጃት ከሆነ አንች ስጫት። በእጅሽ።"

እንደዚያ እንደምትል የትናየት ታውቃለች። ስንት ሰበብ አዘጋጅታ ነበር፦ ጨው፣ ሚናስ፣ ማኅበሩ፣ መተማ። ሁሉም እየጣሏት ሄደው ከድንጋዩ ላይ የተደገፈ አንድ ጠመንጃ ብቻ ቀረ።

ላምባ የነካ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

"ጥይት አለበት?"

"የለበትም።"

"ክፈተው።"

ቻላቸው ከፈተው። ባዶ መሆኑን ጣቷን አስገብታ ካረጋገጠች በኋላ ጠመንጃውን አነሣች፤ ከገመተችው በላይ ከበዳት።

"ነይ" አለች ልጇን።

ሠርካለም መጥታ ፊቷ ቆመች። የትናየት ማንገቻውን በቀኝ ትከሻዋ ላይ አደረገችላት። ለቻላቸው ቁመት የተለካ ማንገቻ ነው፤ ሰደፉ ወርዶ የልጅቱን ባት መታው። እንዲህ ሆኖ ገደል ላይ ቢያደናቅፋትስ?

ማንገቻውን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቁልፉን ፈታች። ቆዳው ጠንካራ ነው፤ በጥርሷ ጭምር ሳበችው። አንድ ቀዳዳ አሳጠረችው። ራቅ ብላ አየች። ተመልሳ ሌላ አንድ ቀዳዳ አሳጠረችና ቁልፉን አጠበቀችው።